ለእናና የሚላክ ፎቶ

ኢየሩሳሌም፣ ቂርያት መናሔም
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእናና፣ ጎንደር

ብዕሩን የያዘው ልጄ ይታየው ነው። ቃሉ የእኔ የአጥናፉ ነው። እሱ እዚያ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሮ ስለመጣ ፊደሉን አልረሳም፤ እኔ ግን እንደምታውቂው ከፊደል ጋር ሳንተዋወቅ አረጀሁ። የእጅ ጽሑፉ ቢያስጠላሽ እሱን ስደቢ፤ ነገሩ ቢያስጠላሽ እኔን።

እንዴት ከረምሽ? የአባቶቻችን አምላክ ወገብሽን ያጽናልሽ፣ ደጅሽን ሰው አያሳጣው። እኔ ደህና ነኝ። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰር የለውም፤ ከደረጃው ጋር በየቀኑ እንጣላለን እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ደብዳቤሽን ይታየው ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። ጆሮሽ ስልክ አልሰማ ካለ ወዲህ በደብዳቤ መገናኘታችን ደግ ሆነ፤ በስልክማ አንቺ ትጮሂያለሽ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ጎረቤት የተጣላን ይመስለዋል። የዓይን ሐኪሙ ዓመቱ ሳያልቅ ይጨልማል ማለቱን ሰማሁ። አዘንኩ። ሳይጨልምብኝ የእህታችንን የእታለም ልቅናሽን ፊት ልይ፣ ፎቶ ይላኩልኝ ብለሻል። ይገባኛል። ከቤት ከወጣች ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው።

እታለም ደህና ናት። ሁልጊዜ እንደምጽፍልሽ ደህና ናት። እዚያው የኢትዮጵያ መንገድ ከሚባለው፣ ከገዳሙ ግቢ ናት፤ ከእኔ ቤት በአውቶቡስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ነገር ግን ፊቷ ላይ ስልክ ደቅኖ ፎቶ ማንሳት አይሆንም። መነኮሳቱ አይወዱም።

ስለዚህ ሌላ ዘዴ አስቤአለሁ። የይታየው ሥራ ድሮን ማብረር ነው። አራት መዘውር ያላት፣ ሆዷ ላይ ካሜራ የታሰረባት ማሽን ናት። ጣሪያ የሚያፈስባቸው፣ ሕንፃ የሚሸጡ፣ ሰርግ የደገሱ ይቀጥሩታል። የመንግሥት ፈተና ተፈትኖ ፈቃድ ያወጣ ነው፤ እንደ መንደር ጎረምሳ ዝም ብሎ የሚያበር እንዳይመስልሽ። ከገዳሙ ግንብ ውጭ መንገዱ ላይ ቆመን ማሽኗን እንሰዳታለን፤ እታለም ከቅዳሴ ስትወጣ ከላይ ታነሳታለች። ሳትጨነቅ፣ ሳትዘጋጅ፣ እንዳለች። ለፋሲካ ፎቶው እጅሽ ይገባል። እኔ አጥናፉ ብያለሁ።

ይታየው እየጻፈ ራሱን ይነቀንቃል። ምን እንደሚነቀንቅ እንጃ። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ልጅነቱ አልለቀቀውም።

ወንድምሽ አጥናፉ
አንብቦልኛል፤ ልክ ነው።


ጎንደር፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለወንድም ጋሼ

የጤናዎን ነገር አምላከ ሰማይ ወምድር ይጠብቅልኝ፤ ይታየውንም ከነሥራው ይባርክልኝ። እኔ አለሁ። ይህን በራሴ እጅ ነው የምጽፈው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ባሌ እየሳቀብኝ የቆጠርኩት ፊደል ይኸው ዛሬ ለዚህ በቃኝ። መስመሩ ቢንጋደድ የዓይኔ ብርሃን ነው እንጂ እጄ አይደለም።

ወንድም ጋሼ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። ከላይ የተነሳ ሰው ምኑ ይታያል? የራስ መጠምጠሚያ። እኔ የእታለም ሻሽ አልናፈቀኝም። ፊቷን ነው ያልኩት። እርስዎ እህትዎን ሲጠይቁ በሰማይ በኩል ነው እንዴ የሚገቡት? በሩ ምን ሆነ?

ሌላም አለ። የድሮ ደብዳቤዎችዎን ከሳጥን አውጥቼ አንድ ባንድ አየኋቸው። ምን ትበላለች፣ ጥርስ አላት ወይ፣ ሲያማት ማን ያነሳታል ብዬ ጠይቄአለሁ። በሁሉም ላይ የመለሱልኝ «ደህና ናት» ብቻ ነው። ይታየው ነው እንዴ የሚያሳጥረው?

እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብለውኛል። ግራው ሄዷል። የቀረኝ ቀኙ ነው።

እህትዎ እናና


ቂርያት መናሔም፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናና

እጁ ያው የይታየው ነው። ፋሲካውን በሰላም አሳልፋችሁ ይሆናል። የእኛም አልፏል። እግዚአብሔር ለሁላችንም ትዕግሥት ይስጠን፤ ለእኔ በተለይ እጥፍ አድርጎ ይስጠኝ፤ አሁን የምነግርሽን ስትሰሚ ለምን እንደሆነ ይገባሻል።

ዓርብ ጠዋት ወረድን። የኢትዮጵያ መንገድ ጠባብ ናት፤ ግራና ቀኝ የድንጋይ ግንብ ነው። ከገዳሙ በር ትንሽ አለፍ ብለን ይታየው ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀምጦ ማሽኗን በላዩ አቆማት። መቆጣጠሪያውን ከፈተ። ከፍቶም ግንባሩን ቋጠረ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ካይሮ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነህ ይለኛል።»

«ማን?»

«ማሽኗ። በጦርነቱ ምክንያት ከሰማይ የሚመጣው የአቅጣጫ ምልክት ይታወካል። ካይሮ ያለች መስሏታል፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ደግሞ አትነሳም።»

«ኢየሩሳሌም ነን በላት!»

ሳቀ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ማሽኗ ከግብፅ ተመለሰች፤ ኢየሩሳሌም መሆኗን አመነች። አሁን ትነሳለች ስል አሁንም አልነሳ አለች።

«ባትሪ አልሞላህም?»

«ሞልቻለሁ አባባ። ፋብሪካው ዘግቶታል።»

«የምን ፋብሪካ?»

«ማሽኗን የሠራው። ካርታ አላቸው፤ የከተማውን መሐል በቀይ ከበውታል። ቀይ ውስጥ ከሆነች መዘውሯ አይዞርም።»

«ገዝተሃት የለም እንዴ?»

«ገዝቻታለሁ።»

«መንግሥት ፈቅዶልህ የለም?»

«ፈቅዷል። ወረቀቱ ይኸው ኪሴ ውስጥ።»

«ታዲያ የማን ናት?»

እናና፣ እኔ በሬ ገዝቻለሁ፣ በቅሎ ገዝቻለሁ። የሸጠልኝ ሰው ከሩቅ አገር ሆኖ እዚህ ማሳ ላይ አትረስ ያለኝ የለም። ይሄ ግን ገንዘቡን ከወሰደ በኋላም ልጓሙን አልለቀቀም። ሰማዩን ማን አወረሳቸው? የአገሩ መንግሥት ለልጄ ብረር ብሎ ፈርሞለት፣ አገሩን አይቶት የማያውቅ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ካርታ ያቀላል።

ይታየውን እኔ ብቻ አይደለሁም ያሰቃየሁት። ባለፈው ወር ኤቲ የምትባል ሥራ ተቋራጭ ሃነቪኢም የሚባለው መንገድ ላይ የአንድ ሕንፃ ጣሪያ ፎቶ አንሳልኝ ብላ ቀጠረችው። ሠራተኞቿ ሁሉ ቆመው ያያሉ፤ ማሽኗ አልነሳ አለች። «ይታየው፣ ወፍህ ዛሬ እንቁላል ላይ ናት?» አለችው። ሁሉም ሳቁ። በሌላ ፋብሪካ ማሽን የሚሠራ ሰው ጠርታ አስነሳች። ይህን ለእኔ አልነገረኝም፤ ኤቲ ናት ለሰው ያወራችው፤ ሰው ነገረኝ። አሁን ሲጽፈው ጆሮው ቀልቷል።

ማስከፈቻ ዘዴ አለው ይላል። ለፋብሪካው ማመልከቻ ይጻፋል። ማን ነህ፣ የማሽንህ ቁጥር ስንት ነው፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ ለምን ሥራ። ከሁሉም ከሁሉም፣ ከሥር ያለው ቦታ ባለቤት ፈርሞ ፈቅጃለሁ ይበል። ይህ ቀላል አይደለም። ይታየው ይጽፋል፤ እንጠብቃለን።

እስከዚያው ሦስት መቶ ዶላር ወደ አገር ደርሶ በሚመለሰው ጎረቤቴ በሙላት እጅ ልኬአለሁ። ለዓይንሽ ታከሚበት።

እታለም ደህና ናት።

ወንድምሽ አጥናፉ


ጎንደር፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ

ሰላምታዬ ከአገር እስከ አገር ይድረስዎ። ፈጣሪ የልብዎን ይግለጥልዎ ብዬ እጸልያለሁ፤ ለዚህ ጸሎት ምክንያት አለኝ።

ሙላት ገንዘቡን ሰጠኝ። ሐኪሙ አይድንም ያለውን ዓይን በዶላር ልለምነው? በፖስታው እንዳለ መልሼ ለሙላት ሰጥቼዋለሁ። ሲመጣ ይቀበሉት። እኔ ፎቶ ነው የጠየቅሁት።

አሁን ያልኩትን ምክንያት ልንገርዎ። የደብራችን ቄስ ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ተሳልመው መጡ። እታለምን ግቢው ውስጥ አገኟት። በምርኩዝ ትሄዳለች፤ ጥርስ የላትም፤ ፍትፍት ያበሏታል፤ አንዲት ወጣት መነኩሲት አብራት ታድራለች። ይኸው እርስዎ በሃያ ዓመት ያልነገሩኝን ቄሱ በአንድ ዋንጫ ጠላ ጨርሰው ነገሩኝ። ከጎንደር ነኝ ሲሏት «እዚያ እናና የምትባል እህት አለችኝ» አለች። «እዚህ ወንድም አለዎት አይደል?» አሏት። ምን አለች መሰለዎት?

«ወንድሜ ከቀበረኝ ቆይቷል» አለች።

ቄሱ አርጅታ መቀላቀሏ ነው ብለው አለፉት። እኔ አላለፍኩትም። እታለም የምትቀላቅል ሰው አይደለችም። ወንድም ጋሼ፣ ይህ ምን ማለት ነው? እርስዎ ነዎት የሚጽፉልኝ ወይስ ሌላ ሰው ነው? በመጨረሻ ያዩዋት መቼ ነው?

እናና


ቂርያት መናሔም፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናና

ይህንም የሚጽፈው ይታየው ነው፤ ከእሱ ሌላ የማምነው እጅ የለኝም። መልሴ የዘገየው በእኔ አይደለም። ሰኔ ላይ በጦርነቱ ሰማዩ ለሁሉም ተዘጋ፤ ለወፍ ካልሆነ በቀር። ሌሊትና ቀን መጠለያ ስንገባ ስንወጣ ከረምን። ሙላት የመጣው በሐምሌ መጨረሻ ነው። ፖስታውንም ሰጥቶኛል። አልከፈትኩትም።

በሕይወት ያኖረን ይመስገን። አሁን ወደ ነገሩ።

ቄሱ ያመጡት ነገር እውነት ነው፤ ግን ሙሉውን ካልሰማሽ አይገባሽም። የእኛ ዘር ከቤተ እስራኤል መሆኑን ታውቂያለሽ፤ አያታችን መሬት እንዳይነጠቅ ብሎ ተጠመቀ፤ ከዚያ ወዲህ እኛ ሁላችን በክርስትና አደግን። እታለም ገዳም ገባች፣ አንቺ ለቄስ ልጅ ተዳርሽ። እኔ ወደ አባቶቼ ልመለስ ብዬ ተነሳሁ። በ1990 ዓ.ም. ወደዚህ ለመምጣት ስመዘገብ ጠረጴዛ ፊት አስቀምጠው ስለ ዘመዶቼ አንድ ባንድ ጠየቁኝ። በክርስትና የመነኮሰ ዘመድ መኖሩ ፋይል ያበላሻል ይባል ነበር። ከኋላዬ ሰባት ነፍስ ቆሟል። የማይሆን ነገር ጠየቁኝ፤ የሚሆን መልስ ሰጠሁ። በቃ።

ከመጣሁ በኋላስ ለምን አልሄድክም ትይኛለሽ። ልጄ ተናኜ አግብታ ነበርና እዚያው ቀረች። ፋይሏ እስከ ዛሬ ክፍት ነው። እዚህ ሰው ሁሉ ይተያያል፤ አጥናፉ ከገዳሙ በር ሲወጣ ታየ ቢባል የተናኜ ነገር ያልቃል። ለልጄ ስል ነው። አባት ነኝ። ይህን የማይረዳ ሰው አይፍረድብኝ።

የማሽኑን ጉዳይ ልንገርሽ። ይታየው ለፋብሪካው ጻፈ፤ ሁለት ሳምንት ጠበቀ። አይሆንም አሉት። ለካስ የጻፈው ቁጥር አምና የሸጠው የአሮጌው ማሽን ቁጥር ነው። እንደገና ጻፈ። አሁን ደግሞ የቦታው ባለቤት ወረቀት የት አለ አሉት። ባለቤቱ ገዳሙ ነው። ገዳሙ ደግሞ ወረቀት የሚሰጠው ማን ነህ፣ ምን ልታደርግ ነው ብሎ ነው። ስም ይጻፋል፣ ማኅተም ይመታል። ከመታየት ለመሸሽ ያመጣሁት ማሽን ማኅተም ካላመጣህ ይለኛል! እኔ አልገባም። ይታየው መላ ይፍጠር።

እኔ ይታየው ነኝ፣ አክስቴ። አባባ ውሃ ሊጠጡ ተነስተዋል። ከሳቸው ተደብቄ ገዳሙ ገብቼ ነበር። የመነኮሳይያቱን ቤት ጣሪያ በነፃ ፎቶ አነሳላችኋለሁ አልኳቸው፤ ደስ አላቸው። ወረቀቱን ሲጽፉልኝ እማሆይ ልቅናሽ በምርኩዝ መጥተው «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ። «ጻፉለት፤ ይብረር» አሉ። ሲመለሱ ሳነብላቸው ይህን አላነበውም።

ውሃዬን ጠጥቼ ተመልሻለሁ። ፎቶው ይመጣል።

ወንድምሽ አጥናፉ
አንብቦልኛል።


ጎንደር፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ

አዲሱን ዓመት እንዳሰቡት ያድርግልዎ። ረጅም መጻፍ አልችልም። ፊደሉ ይደራረብብኛል፤ የሚያነበው ይታየው ይታገሰኝ።

እርስዎ የደበቁኝን ጽፈውልኛል። እኔም የደበቅሁዎትን ልጻፍ። ተናኜ ፋይሏን ከተወችው ሦስት ዓመቷ ነው። ቢሮው ሄዳ በገዛ እጇ ዝጉልኝ አለች። ሰለቸኝ አለች። ባህር ዳር ገብታ ጨርቅ ትነግዳለች፤ ልጆቿ ተምረዋል፤ ደህና ናት። ለአባባ እንዳትነግሩት፣ ከእኔ ጉዳይ ሌላ የሚጠብቀው የለውም ብላ አስምላኝ ነበር። ዛሬ መሐላዬን አፍርሻለሁ።

ስለዚህ በተናኜ አያሳብቡ። በፋብሪካውም አያሳብቡ። እግር አለዎት።

አንድ ነገር ብቻ ይጻፉልኝ። ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ስለ እታለም ሲጠይቁዎት የመለሱት ቃል ምን ነበር? «የሚሆን መልስ» አይበሉኝ። ቃሉን።

ቀኙም እየዳመነ ነው።

እናና


ቂርያት መናሔም፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእናና

ብዕሩ በይታየው እጅ ነው። ዛሬ ግን እንዳይጨምር፣ እንዳይቀንስ አስምዬዋለሁ። በነሐሴው ደብዳቤ ላይ ከእኔ ተደብቆ የጻፈውን ራሱ ነግሮኛል። አልተቆጣሁም። የመቆጣት አቅሜን በሌላ ነገር ጨርሼዋለሁ።

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ለተናኜም ይሁን። የተናኜን ነገር የሰማሁ ቀን ፀሐይ እስክትገባ ከአልጋዬ አልወረድኩም። ለሷ ብዬ የቆምኩበትን በር እሷ ከዘጋችው ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ግን ስጠብቅ ኖሬአለሁ።

ፋብሪካው ፈቀደ። ማክሰኞ፣ ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት። ይታየው ስልኩ ላይ አሳየኝ፤ በቀዩ መሐል አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ክብ። ይህችን ያህል ሰማይ ሰጡን።

ማክሰኞ ሄድን። ይታየው ማሽኗን እንደ ፊተኛው መንገድ ላይ አቆማት። አልነሳ አለች።

«ደግሞ ካይሮ ነን?»

«አይ፣ ኢየሩሳሌም ነን። ግን ከክቡ ውጭ ነን። የፈቀዱት ግቢውን ብቻ ነው። መነሻዋም ግቢው ውስጥ ካልሆነ መዘውሯ አይዞርም።»

«ግንቡ እኮ እዚህ ነው! እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ።»

«እጅዎ ይነካዋል። ካርታው ላይ ግን ውጭ ነን።»

ሣጥኑን አነሳ። «ይምጡ አባባ፣ አብረን እንግባ» አለኝ።

«ግባ» አልኩት።

«አባባ...»

«ግባ አልኩህ። ሰዓቱ ይሄዳል።»

ገባ። እኔ ከበሩ ፊት ለፊት ካለ ቤት ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ጎልማሳ ልጁን እየመራ ሲያልፍ ቆመና «ሳባ፣ መንገድ ጠፍቶህ ነው?» አለኝ። አያት ማለቱ ነው። አልጠፋብኝም አልኩት። እውነቴን ነው፤ መንገዱ ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ከዚያ ድምፅዋን ሰማሁ። እንደ ንብ ቀፎ። ከግንቡ በላይ ብቅ አለች፤ ጣሪያው ላይ ዞረች፤ ሥራዋን ሠራች። ቆይታ ግንቡ ጫፍ ላይ መጥታ በአንድ ቦታ ቆመች። ሆዷ ላይ ያለው ዓይኗ ወደ እኔ ዞረ። ብዙ ቆየች። ዘወር በይ ብዬ በእጄ አመለከትኩ። ዘወር አላለችም። በኋላ ወረደች።

ይታየው ወጣ። ፊቱ ተዘግቷል።

«አነሳሃት?»

«እማሆይ አላስነሱኝም።»

«ለምን?»

«የሞተ ሰው ፎቶ አይነሳም አሉኝ።»

ያለችውን ሁሉ ንገረኝ አልኩት። ነገረኝ። ጣሪያውን ሲያነሳ ወንበር አስመጥታ አጠገቡ ተቀመጠች አለ። «አባትህ የት ነው?» አለችው። «ከበሩ ውጭ ናቸው» አላት። «በዚህች ማሽን ይታያል?» አለችው። «ይታያሉ» አላት። «እስኪ አሳየኝ።»

ማሽኗን ወደ እኔ ያዞራት ያን ጊዜ ነው። መቆጣጠሪያውን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አየችኝ። እኔ እሷን ላነሳ ስንት ወር የለመንኳት ማሽን እኔን ለእሷ አሳየች።

«አርጅቷል» አለች። ደግሞ «ጫማው ጥሩ ነው። ማን ገዛለት?» አለች። «እኔ» አላት። «ደግ አድርገሃል። ለምን በእጁ ያባርረናል?» አለች። ሳቀች አለኝ። ከዚያ መቆጣጠሪያውን መለሰችለትና «ለእናና ይህን ላክላት። ፊት አይደል የጠየቀችው? እኔን ለማየት ከመጣው ሰው ፊት ላይ ምን እንዳለ ትይ» ብላ ምርኩዟን አንስታ ገባች።

«በሩ ክፍት ነው?» አልኩት።

«ክፍት ነው አባባ። አሁንም ክፍት ነው።»

አየሁት። ክፍት ነው። አንድ መነኩሴ ደጃፉን ይጠርጋል፤ ቀና ብሎ አየኝና የምገባ መስሎት መጥረጊያውን ወደ ጎን አደረገ። ተነሳሁ። ከዚያ ወደ ሃነቪኢም ታጠፍን፤ አውቶቡስ ያዝን።

ከቄሱ ያልሰማሽው አንድ ነገር አለ፤ ይታየውም አያውቀውም። በ1994 ዓ.ም. የከተማው መንገድ ጠራጊ ሆኜ ሃነቪኢም ላይ ስሠራ እታለም ዘምቢል ይዛ መጣች። አወቀችኝ። «አጥናፉ!» ብላ ተጣራች፤ ልጅ ሆኜ ከወንዝ ስትጠራኝ በነበረው ድምፅ። አብረውኝ የሚሠሩ የአገራችን ሰዎች ነበሩ። አንገቴን ደፍቼ ጠረግሁ። ሦስት ጊዜ ተጣራች። ሰዎቹ «ማን ናት?» ሲሉኝ «ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶባት ነው» አልኩ። ከዚያ ወዲህ «ደህና ናት» ብዬ ስጽፍልሽ የኖርኩት ያን ቀን ዘምቢል ተሸክማ ስትሄድ ደህና ስለነበረች ነው። ሌላ የማውቀው የለኝም።

ይታየው ብዕሩን አቁሞ ያየኛል። ጻፍ ብዬዋለሁ።

ቃሉን ጠይቀሻል። ይኸው ቃሉ። «መነኩሲት እህት አለችህ ይባላል» አሉኝ። «ነበረችኝ። ሞታለች» አልኩ። «መቼ?» አሉኝ። «ቆይቷል» አልኩ። «የት ተቀበረች?» አሉኝ። «ኢየሩሳሌም» አልኩ። ጸሐፊው ነፍስ ይማር ብሎ ጻፈው። ማንም በጉልበት አላናገረኝም። ሌሎች ሰዎች መነኩሲት ዘመድ አለን ብለው ተናግረው፣ ዘግይተው ይሁን እንጂ መጥተዋል። እኔ መጠበቅ አልፈለግሁም።

ፎቶው ከደብዳቤው ጋር አለ። ይታየው በትልቁ አሳትሞታል፤ ቀኙ ዓይንሽ እንዲያየው። ደረጃው ላይ የተቀመጠው እኔ ነኝ። እጄን ያነሳሁት ሰላም ለማለት አይደለም። በጎን ያለው ግንብ የገዳሙ ነው። ከግንቡ ወዲያ ጥግ ላይ ነጭ ነገር አለ። ይታየው የእማሆይ ነጠላ ጫፍ ነው ይላል። የተሰጣ ልብስም ሊሆን ይችላል።

ነገ እገባለሁ ብዬ አልጽፍልሽም። ብዙ ጽፌልሻለሁ።

ወንድምሽ አጥናፉ

በል ይታየው፣ አንብብልኝ። ከላይ አይደለም። «ነበረችኝ» ካልኩበት ጀምር።